ሽቦ የታሰረባቸው ጎማዎች

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰላም መኪናዋን ሰርቪስ ልታስደርግ ስትሄድ "ነይ እማዬ፣ ቤት ውስጥ ታፍነሽ ከምትውይ ትንሽ አየር ትቀበያለሽ" ብላ ይዛኝ ወጣች። አየር የምቀበልበት ቦታ ወለሉ በተቃጠለ ዘይት የጠቆረ፣ ከበሩ ፊት ባጃጆች የሚንጫጩበት ጋራዥ ነበር። ዲላ ውስጥ ከዚህ የተሻለ አየር ጠፍቶ አይደለም፤ ልጄ ሁለት ጉዳይ በአንድ ጉዞ መጨረስ ስለምትወድ ነው። ቅር አላለኝም። ጡረታ የወጣ ሰው የትም ቢወስዱት ደስ ይለዋል።

"ደረጃ አለ እማዬ። ቀስ በይ፣ እዚህ ጋ ደግሞ የዘይት ጣሳ አለ" እያለች ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ሰላም ሰሞኑን ወሬ አብዝታለች፤ በልጅነቷ ዝምተኛ ነበረች።

መካኒኩ ጎማዎቹን ዞር ዞር ብሎ አየና "የፊቶቹ ጠርዛቸው ተበልቷል፤ ከኋላዎቹ ጋር ላዟዙራቸው?" አላት። "ተወው፣ ሲያልቁ ይቀየራሉ" ልትለው ስትል እኔ ከወንበሬ ጣልቃ ገባሁ።

"ይዟዟሩ እንጂ! ስኮርታውም ተራ ይግባ" አልኩት።

መካኒኩ ሳቀ። ሰባ አራት ዓመት የሞላት፣ ነጠላዋን ያጣፋች አሮጊት ስለ ትርፍ ጎማ ስታዝዘው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። አርባ ዓመት ሙሉ አስተማሪ ስለነበርኩ ማዘዝ አይከብደኝም። እሱም እሺ ብሎ መፍታት ጀመረ፤ አንዱን ጎማ እያንከባለለ አምጥቶ አጠገቤ አጋደመው። እጄ ሳላዘው ሄዶ የጎማውን ጥርስ ዳበሰ። አባቴን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

አባቴ መንገሻ ሾፌር ነበር። ጣሊያን ከወጣ ጀምሮ መሪ እንደያዘ ነው ያረጀው። እኔ የምነግራችሁ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ከመምህራን ማሠልጠኛ ጥሪ እስኪመጣልኝ ቤት ቁጭ ብዬ በነበረበት ጊዜ የሆነውን ነው። አባቴ ያኔ ከሁለት እጅ በላይ ያገለገለች ላንድሮቨር ነበረችው። ኋላዋ ሸራ የለበሰ፣ ግራና ቀኝ የእንጨት አግዳሚ የተገጠመላት፣ ስኮርታዋን ኮፈኗ ላይ እንደ ትልቅ ሰሐን ደፍታ የምትሄድ መኪና ነበረች። በገበያ ቀን ቡሌ፣ በሌላው ቀን ወናጎ ሰው ታመላልሳለች።

የቡሌን መንገድ የዛሬ ልጆች አያውቁትም። ከዲላ ቡናውንና እንሰቱን እያቋረጠ ይወጣል፤ ሽቅብ በሄደ ቁጥር ቡናው እየሳሳ፣ ብርዱ እየበረታ ይመጣል። ላይ ሲደረስ ገብስና ሽንኩርት ነው፤ ሰውም ከነጋቢው ነው የሚውለው። ጉሙ ሲወርድ ደግሞ የራስን እጅ እንኳ ማየት ያስቸግራል። ሌሎቹ ሾፌሮች ጉም ሲያዩ ዳር ይዘው ይቆማሉ፤ አባቴ ግን አይቆምም። እያንዳንዱን መታጠፊያ፣ እያንዳንዱን ጉድጓድ በቃሉ ያውቀዋል። "ጉም የማይበግረው መንገሻ" ይሉታል። እኔም በዚህ እኮራ ነበር፤ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼም አጋንኜ አወራላቸው ነበር።

ረዳቱ ዱካለ ይባላል፤ የቡሌ ሰው፣ አማርኛን በኋላ የለመደ፣ ዕድሜው ሃያ ሰባት ግድም። ረዳት ማለት በዚያ ዘመን ከኋላ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ነው። ዱካለ ግን አንድ ዓመት ያህል ሆኖታል ጋቢና ገብቶ ከአባቴ ጎን መቀመጥ ከጀመረ። ተቀምጦም ዝም አይልም። "ላሙ ወጣ ጋሼ። ይሄ ልጆች ደግሞ ከትምህርት ቤት ተለቀቀ መሰል፣ መንገዱን ሞልቶታል። አሃ፣ ዛሬ ድልድዩ ጋ ጭቃ አለ" እያለ ቡሌ ደርሶ እስኪመለስ ይለፈልፋል። እናቴ "ይሄ ልጅ ምላሱ ያለ ዘይት ይሠራል" ትላለች። ዱካለ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ይርጋለም ድረስ ሄዶ ተፈትኖ ነው ያመጣው፤ መዝሙር መጽሐፉ ውስጥ አጣጥፎ ይይዘዋል። አባቴ ግን መሪውን አንድ ቀን እንኳ አላስነካውም። "ለጊዜው እጠባት" ነው መልሱ። ዱካለም ያጥባታል።

በሦስት ወር አንዴ፣ ገበያ በሌለበት ቀን ጠዋት፣ ግቢያችን ውስጥ ካለው የዋንዛ ዛፍ ሥር ጎማ ይዟዟራል። አባቴ ይህን ነገር እንደ ሥራ ሳይሆን እንደ ሥርዓት ነበር የሚያየው። ቁርሱን ሳይበላ አይጀምርም፤ ከጀመረ ደግሞ ሳይጨርስ ለሰው ሰላምታ አይመልስም። ክሪኩን ከሥር ገፍቶ መኪናዋን ያነሳል፣ ድንጋይ ያስደግፋል፣ ዳዶውን እየፈታ ዘይት ያለበት ጣሳ ውስጥ ይጥላል። የዳዶው ቅጭልጭል የሚል ድምፅ እስከ መንገድ ይሰማ ነበር።

"የፊት ጎማ መሪ ስለሚታዘዝ ጠርዙ ይበላል" ይለናል፣ በየሦስት ወሩ እንደ አዲስ። "የኋላው ጭነት ስለሚሸከም መሐሉ ያልቃል። ስኮርታው ደግሞ ሥራ ፈትቶ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጣጠቃል። አንዱ ብቻውን ከሚያልቅ ሁሉም አብረው ይረጁ።"

ስለዚህ ስኮርታው ወደ ቀኝ ኋላ ይገባል፤ የቀኝ ኋላው ወደ ግራ ፊት፤ የግራ ፊቱ እዚያው ግራ ወደ ኋላ፤ የግራ ኋላው ወደ ቀኝ ፊት፤ የቀኝ ፊቱ ደግሞ ኮፈን ላይ ወጥቶ ያርፋል። ይህን የምነግራችሁ ሳልጠይቅ፣ ሳላገላብጥ ነው። የማባዛት ሠንጠረዥ እንኳ እንዲህ አልያዝኩም።

አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ዓመት አስቀድሞ ይመስለኛል፣ ዱካለ ጎማ እያንከባለለ ሳቀ።

"ይሄ እኮ እንደኛ አባ ገዳ ነው ጋሼ። ስምንት ዓመት ሲሞላው ያስረክባል። ከፊት የነበረ ሰው ከፊት ይለቃል።"

"ለቅቆስ? እቤቱ ተኝቶ ይውላል?" አለው አባቴ።

"ኧረ አይተኛም! ይመክራል። ከአዲሱ ሰውዬ አጠገብ ይቀመጣል። እሱ ሳይጠየቅ ነገር አይቆረጥም።"

አባቴ ወደ በሩ ዘወር ብሎ ሰው አለመኖሩን አረጋገጠና "ይሄን ወሬ እዚሁ ዋንዛው ሥር ተወው፤ ሌላ ቦታ እንዳታወራው" ብሎት ሁለቱም ሳቁ። በጃንሆይ ዘመን ሥልጣን ስለማስረከብ ማውራት እንደሚያሳስር ያኔ አልገባኝም ነበር።

ያቺ እኔ የማልረሳት ጠዋት ቡና የሚለቀምበት ወቅት ላይ ነበረች። ከተማው ሁሉ እሸት ቡና እሸት ቡና ይሸታል። አባቴ እንደ ወትሮው ዳዶ ፈትቶ ጨርሶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ድሮ በየጎማው ላይ በነጭ ቀለም ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ይጽፍ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ቁጥሩ ቀርቶ በየቸርኬው ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ ታስሯል፤ በአንዱ አንድ ዙር፣ በሌላው ሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ አምስት። "ቀለም በጭቃ ይጠፋል" ብሎን ነበር፤ እኛም አልጠየቅነውም።

የግራ ኋላውን ጎማ አንከባልዬ አቀረብኩለት። ሽቦውን በጣቱ ቆጠረ፤ ከዚያ ጥርሱን ዙሪያውን ዳበሰ።

"ደህና ነው። ወደ ቀኝ ፊት" አለ።

ጎማው ግን ደህና አልነበረም። ከውስጥ በኩል ጎኑ ላይ የመዳፍ ያህል ተቀድዶ ነጩ ክር ፈጥጦ ወጥቷል። ከአባቴ ፊት አንድ ክንድ አይርቅም። እዚያው ነው ያለው፤ እያየው ነው። እያየው መስሎኝ ነበር። አፌን ልከፍት ስል ዱካለ ከአባቴ ጀርባ ሆኖ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ጎማውን ከእጄ ወስዶ ወደ ዳር አንከባለለው፤ ተንበርክኮ ሽቦውን ፈታና አጥር ሥር ተቀምጦ በነበረ ሌላ ደህና ጎማ ላይ ያንኑ ያህል ዙር አሰረ። ያን ጎማ ይዞ መጣ።

"ይኸው ጋሼ፣ የግራ ኋላው" አለ። አባቴ እንደገና ሽቦውን ቆጠረ፣ ጫፉን በጣቱ ዳበሰ፣ ከዚያ "ግጠመው" አለ።

እኔ ክሪኩን ጨብጬ ቆምኩ። ያለፈው ዓመት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ዓይኔን አመመኝ ብሎ ጋዜጣ ማስነበቡ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ መግባቱ፣ በጥምቀት ዕለት የገዛ አጎቴን "ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ" ብሎ እንደ እንግዳ ሰው ማለፉ። የዱካለ ልፍለፋም ገባኝ። ምላሱ አልነበረም የሚሠራው፤ ዓይኑ ነበር። አባቴ በጉም ውስጥ ሳይፈራ የሚነዳው ለእሱ ጠራራውም ጉም ስለሆነበት ነው።

ዱካለን ውኃ ልቅዳ ብዬ ጓሮ ጠራሁት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ቆይቷል። የዓይን ሞራ ነው መሰለኝ፣ ሁለቱንም ይዞታል።"

"ነግረኸዋል?"

"እኔ?" ደነገጠ። "ጋሼን? አንተ አታይም ይባላል እንዴ? እኔ እነግረዋለሁ መንገዱን፣ እሱ ይነዳል። እስካሁን ምንም አልሆነም። የተቀደደውን ነገ ጎሚስታ ጋ እወስዳለሁ፤ አንቺም ዝም በል።"

እናቴ ዘንድ ሄድኩ። እናቴ ጎመን እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋዋን እንኳ አላስቀመጠችም። "ዝም በይ! ሰው ይሰማሻል" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ሳህኑን ሁልጊዜ በቀኙ በኩል የማስቀምጥለት ለምን ይመስልሻል?" አለችኝ። እንዲህ ነበርን። አባቴን ጨምሮ አራት ሰዎች በአንድ ግቢ አንድ ነገር እናውቃለን፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን የለም። አባቴ ሾፌርነቱን ከቀማነው ምን ይቀረዋል ብለን ነው። ያሳዝነን ነበር። በየገበያው ቀን ከኋላ አግዳሚ ላይ የሚደረደሩት ሰዎች ግን ለምን እንዳላሳዘኑን እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ዱካለን ወባ ጣለው። የቡሌ ገበያ ቀን ነው፤ ሰው በራችን ላይ ተሰብስቧል። አባቴ ካፖርቱን ለብሶ ቁልፉን አነሳ። "ዛሬ ብትቀርስ አባዬ" አልኩት። "ሰው ቆሞ እየጠበቀ?" አለኝ። እናቴ ወደ እኔ አየች። ያን ጊዜ እኔ "ቡሌ ገበያ ማየት አምሮኛል" ብዬ ዘልዬ ጋቢና ገባሁ። የዱካለን ሥራ እሠራለሁ ብዬ ነው።

ሽቅቡን ሆነልን። ጉም ነበር፤ አባቴ በጉም ውስጥ የራሱ ሰው ነው፣ እያዘገመ ያለ አንዳች ስህተት አወጣን። ቡሌ ደርሰን ሰው አወረድን፤ በቆሎ ዳቦ በቅቤ ገዝቶልኝ ቆመን በላን። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ጉሙ በአንዴ ተገፈፈ። ከመታጠፊያው ወጣ ስንል ፀሐይዋ ፊት ለፊት መጣች። ጤነኛ ዓይን እንኳ የምታጭበረብር ፀሐይ ነበረች።

ጋቢናው ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ አንድ የከተማ ነጋዴ ተቀምጧል። በእሱ ፊት እንደ ዱካለ "ላም አለ፣ ልጅ አለ" ማለት አፈርኩ። አባቴን ማጋለጥ መሰለኝ። ወደ ታች፣ ከመንገዱ መሐል፣ አንዲት ሴት ሁለት ጆንያ ገብስ የጫነ ፈረስ እየሳበች ትሄዳለች። አባቴ አሁን ያየዋል፣ አሁን ያየዋል እያልኩ ጠበቅሁ። ከዚያ፣ ይሉኝታ ምን እንደሚያናግር ተመልከቱ፣ "ያ ፈረስ ሲያምር አባዬ" አልኩት።

"የቱ?" አለኝ።

"ፍሬን!" ብዬ ጮኽኩ፤ መሪውንም ወደ እኔ ሳብኩት። መኪናዋ እየተንሸራተተች ሄዳ ከመንገዱ ወጣች፤ የቀኝ የፊት ጎማዋ ገደሉ አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቆመች። ያ ጎማ ዱካለ የለወጠው ጎማ ነው። ከኋላ ሰው ተጯጯኸ፤ ቆጠርናቸው፣ የተጎዳ አልነበረም። ሴትዮዋ ደህና ናት፤ ፈረሱም በርግጎ ሸክሙን ጥሎ ከእንሰት ማሳ ውስጥ ቆሟል። ገብሱ መንገዱ ላይ ፈስሷል።

አባቴ ቀስ ብሎ ወረደ። ሴትዮዋ ነጠላዋን አራግፋ መጣችበት።

"አንተ ሰውዬ፣ አታይም እንዴ?" አለችው።

ሾፌር ሁሉ በቀን አሥር ጊዜ የሚባለው ነገር ነው። አባቴም እንደ ሾፌር መልሶ መጮህ ይችል ነበር። ኮፍያውን አወለቀ።

"አላይም፣ እህቴ" አላት። "ይቅር በይኝ። አላይም።"

ነጋዴው ወደ መሬት አየ። ከዚያ ማንም ሳያዝ ሰዎቹ ጎንበስ ጎንበስ እያሉ ገብሱን ከአቧራው መለየት ጀመሩ፤ አባቴም ተንበርክኮ በጣቶቹ እየዳበሰ ለቀመ። ከማናችንም የተሻለ የለቀመው እሱ ነበር። በዚያ ሲያልፍ የነበረ የመንገድ ሥራ ሾፌር መኪናችንን በገመድ ጎትቶ አወጣልንና ነድቶ ዲላ አደረሰልን። አባቴ ኋላ፣ ከተሳፋሪዎቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ከጎኑ ሆኜ አለቀስኩ፤ እጄን ይዞ ነበር።

ዱካለ ከአልጋው በተነሳ ማግስት አባቴ "ጎማ እናዟዙር" አለ። ጊዜው ገና ሁለት ወር ይቀረው ነበር፤ ግን ማን ይናገረዋል? ዋንዛው ሥር ተሰበሰብን። አባቴ አምስቱንም ጎማ አስደርድሮ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈታቸው። አንደኛው ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይሄን ያሰርከው አንተ ነህ" አለ ለዱካለ። "እኔ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው የምጠመዝዘው። ይሄ ወደ ግራ ነው የተጠመዘዘው።"

ዱካለ ፊቱ ጠቆረ። "ጋሼ፣ እኔ..."

"ያን ዕለትም በጣቴ አውቄዋለሁ። የተበላሸ አይቶ መለወጡ ነው፤ እኔ አላየሁትም ማለት ነው ብዬ አወቅሁ። አውቄም ቡሌ ወጣሁ።" ሽቦውን ፈትቶ ጨረሰ። "ያቺ ሴትዮ ሞታ ቢሆን ኃጢአቱ የእናንተ አልነበረም። የእኔ ነበር።"

ሽቦዎቹን ጠቅልሎ ጣሳው ውስጥ ጣላቸው።

"ከዛሬ ጀምሮ በቀለም ይጻፍባቸው። የሚያይ ሰው አለ" አለ። ከዚያ ኪሱ ገብቶ ቁልፉን አወጣ። "ያ ያስረከበው ሰውዬ የት ይቀመጣል ነበር ያልከኝ?"

ያ ለፍላፊ ሰው ቃል ሲያጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "ከአጠገብ ጋሼ" አለ በመጨረሻ። "ከአጠገብ ይቀመጣል።"

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ዱካለ መሪ ያዘ፤ አባቴ በእሱ ቦታ ተቀመጠ። እኔ ከኋላ፣ በሸራው መስኮት በኩል እሰማ ነበር። አባቴ ከዲላ እስከ ቡሌ አላረፈም። "አሁን ወደ ግራ ይታጠፋል። ቀስ በል፣ ከዚህ በኋላ ድልድዩ ነው። ቀኙን ያዝ፣ እዚህ ጋ ክረምት መሬቱ ይሸሻል።" ዱካለ ድልድዩን አባቴ ሳይናገር ያየው ነበር፤ መታጠፊያውንም ያውቀዋል። ግን በየመታጠፊያው "እሺ ጋሼ" እያለ ወጣ። አባቴ ዓይኑ ጨርሶ እስኪጠፋ አራት ዓመት እንዲህ ሄደ፤ በእነዚያ ዓመታት መኪናዋ ያለ እሱ ተነስታ አታውቅም።

መካኒኩ የመጨረሻዋን ዳዶ አጥብቆ ክሪኩን አወረደ። ሰላም መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። "ተነሺ እማዬ። የዘይት ጣሳውን አልፈናል። አሁን ደረጃው ነው፣ ሁለት ነው፣ ሰፊ ነው። ፀሐይዋ ደግሞ ፊት ለፊት ናት" አለችኝ። አንድም ነገር እንዳላወቀ ሰው፣ በጨዋታ ድምፅ።

ቆምኩ። ለካ ይህችም ልጅ ሽቦ ስታስርልኝ ነው የከረመችው። እኔም የመድኃኒት ጽሑፍ "መነጽሬን ረሳሁ" እያልኩ እሷን ሳስነብብ፣ ወጥ ስቀዳ ጭልፋውን በጣቴ ስለካ ከርሜአለሁ። የዓይን ሐኪም ዛሬ እዚሁ ዲላ አለ፤ አባቴ ያላገኘውን በግማሽ ቀን ማግኘት እችላለሁ። ያልቻልኩት አንዲት ቃል ማውጣት ነው።

"ሰላም" አልኳት።

"አቤት እማዬ? ደረጃው እዚህ ጋ ነው።"

"አላይም፣ ልጄ" አልኳት።

ክንዴን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ፤ ደረጃውንም አብረን ወረድን።